በጠፋው ዓይን በኩል

ዱላ ይዞ የሚጨፍር ሰው ልቡ ንጹሕ መሆን አለበት ይላሉ በግብፅ የቂና ገጠር ሰዎች። ይበሉ እንጂ፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ክብ ሠርቶ ከቆመው ወንድ ሁሉ መካከል ልቡ ንጹሕ የሆነ አንድ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም ነበር።

ሙሽራዋ ነዋራ የገላብ ልጅ ናት፤ ሙሽራው ደግሞ የዳሒ የወንድም ልጅ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ነዋራ ሳትወለድ፣ ልክ እንደዚህ ባለ ሠርግ ላይ ገላብና ዳሒ በዱላ ሲጫወቱ፣ የዳሒ ዱላ መቆም በነበረበት ቦታ ሳይቆም ቀረና የገላብን ግራ ዓይን አጠፋው። ዳሒ «እግሬ አዳልጦኝ ነው» ብሎ ማለ። ማን ይመነው? ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች ደም ተቃቡ፤ ከወዲያም ከወዲህም ሰው ተቀበረ። በስንት ሽማግሌ ልመና ነው ይህ ጋብቻ ደም ማድረቂያ እንዲሆን የተስማሙት። ዛሬ አንዲት የደም ጠብታ ከፈሰሰች ነዋራ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፣ ወንዶቹም ወደ መገዳደላቸው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተወጋ ሰው ልጅ ደግሞ ይብሳል። የነዋራ ታናሽ ወንድም ረሽዋን የአባቱን የጠፋ ዓይን እያየ ያደገ ጎረምሳ ነውና፣ ዳሒን ከክቡ መሃል ሲያየው ምራቁ መረረው።

ዳሒ ሸምግሏል፤ ዱላው ግን አልሸመገለም። ጎረምሶቹን እያሳፈረ ካስወጣቸው በኋላ ዱላውን ትከሻው ላይ ጋደም አደረገ።

«ከሙሽሪት ወገን ዱላ የሚይዝ ጠፋ እንዴ? ወይስ እናንተ ቤት ሴት ብቻ ነው የሚወለደው?»

ሰው ሳቀ። በየሠርጉ የሚባል ተረብ ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። ከዚያ አፍ ሲወጣ ግን የረሽዋን ደም ፈላ። ከጎኑ ካለው ሰው ዱላ ነጥቆ ዘሎ ገባ።

ሰላምታ ሳይሰጥ ገባ! ወደ ክቡ የሚገባ ሰው የዱላውን ጫፍ መሬት አስነክቶ፣ ወደ ግንባሩ አንሥቶ ባላጋራውን ሰላም ይላል፤ ያኔ ጨዋታ ይሆናል። ይህን የዘለለ ሰው የመጣው ሊገድል ነው። ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ከበሮው ቆመ። ሚዝማር ነፊው ጉንጩን እንደነፋ ቀረ። በሁለቱም ወገን እጆች ወደ ጀለቢያ ውስጥ ገቡ። ሴቶቹ ጨዋታውን ከሚያዩበት ከቤቱ ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ «ወይኔ ወንድሜ!» የሚል የነዋራ ጩኸት ተሰማ። ረሽዋን ያደረገውን ያወቀው ያኔ ነው። ግን እንዴት ይመለስ? ዱላ ዘርግቶ ገብቶ ወደ ኋላ ያለ ሰው ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ነው።

«ወዲህ በለው» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ዱላ ነክቶ የማያውቀው አባቱ፣ ገላብ፣ እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

«አባዬ፣ ተው! በግራ በኩል አታይም እኮ!»

«አንተስ መቼ አየህ? ስትገባ ሰላም በል ብዬ አላስተማርኩህም? አምጣው!»

ገላብ ዱላውን ተቀብሎ ጫፉን መሬት አስነካ፣ ወደ ግንባሩም አነሣ። ዳሒ ፊቱ አመድ መስሎ አጸፋውን መለሰ። ከበሮው ፈራ ተባ እያለ ጀመረ።

ረሽዋን ዓይኑን ከአባቱ ግራ ጎን አልነቀለም። ዳሒ በግራ ከመጣ አባቱ አያየውም፤ አንድ ምት ብቻ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር አበቃ። ዳሒ ግን በቀኝ መጣ። ዞረና ደግሞ በቀኝ መጣ። የገላብ ራስ በግራ በኩል ወለል ብሎ ክፍት ሆኖ ሳለ ዳሒ ዝር አይልበትም። ረሽዋን ዓይኑን ማመን አቃተው። ያ የሚጠላው ሰውዬ አባቱን እየተጠነቀቀለት ነው።

ገላብ ግን ተቆጣ። «ምነው ዳሒ፣ ልታዝንልኝ ነው? በዚያም ና!»

«ተወኝ ወንድሜ።»

«ና አልኩህ! ከዚህ ዓይን ጋር የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ለምጄዋለሁ።»

ዳሒ ከንፈሩን ነክሶ በግራ መጣ። ገላብ ዞር ብሎም አላየው። ኮቴውን አዳምጦ መሆን አለበት፣ ዱላውን አሻግሮ መከተና ወዲያው አሽከረከረው፤ የዳሒ ፊት ተጋልጦ ቀረ። የገላብ ዱላ እየተምዘገዘገ መጥቶ ከዳሒ ዓይን ጣት የማያስገባ ክፍተት ሲቀረው ቀጥ አለ። ዳሒ አልመከተም። እጁን ቁልቁል ጥሎ ቆመ። ዱላው ወደፊት አይሄድም፣ ወደ ኋላም አይመለስም።

በመጨረሻ ገላብ ዱላውን ቀስ ብሎ አንሥቶ የዳሒን ጥምጥም ነካ አደረገው። ጣሪያው በእልልታ ተናጋ። «ይቅርታ ማለት ይህ ነው!» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

ገላብ መጥቶ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ። ሻይ ሰጡት። ሳይቀምሰው ብርጭቆውን ለረሽዋን አቀበለው።

«አባዬ፣ ለካ ይቅር ብለኸው ኖሯል?»

«ማን? እኔ?» አለ ገላብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዓይኑን ላጠፋው ነበር ልጄ። ወላሂ ላጠፋው ነበር።»

«ታዲያ ምን አቆመህ?»

«ከትከሻው በላይ ጣሪያው ይታየኝ ነበር። ነዋራ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች። በሠርጓ ቀን! ከዚያ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ።»

ረሽዋን ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት ዳሒን ከአባቱ አብልጦ የሚጠላው እሱ ይመስለው ነበር።