ሚጣ መሪ ይዛ የሸኘችው መኪና

አርባ ሁለት ዓመት ሞልቷት እንኳ ቤተሰቡ ከሚጣ በቀር ሌላ ስም አያውቅላትም። ጥርስ ሐኪም ቤት ነጭ ገዋን ለብሳ ለሐኪሙ መሣሪያ ስታቀብል አባቷ ስልክ ይደውሉና "ሚጣን አገናኙኝ" ይላሉ፤ እንግዳ ተቀባይዋም ለምዳዋለች። ታካሚዎቹ እጇ ለስላሳ ነው ይላሉ። እጇን ያለሰለሰው ግን ጥርስ አልነበረም፤ የአባቷ መኪና ነው።

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ያስተማሩበት ትንሽ ሰማያዊ መኪና ስንቱን መሪ ሲይዝ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሾፌር እንዳደረገ ራሳቸውም ቆጥረው አይጨርሱትም። ከአራት ዓመት በፊት ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ መስኮት ሥር ካለው ወንበር ላይ ዋሉ። በዓመቱ ደግሞ የመኪናው ሞተር ተጣብቆ ግቢ ውስጥ ቆመ። "ተያይዘን ተኛን" ይላሉ ሲቀልዱ፤ ሚጣም ትስቃለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን ታጥባለች። አባቷ መስኮቱን ያስከፍቱና ከወንበራቸው ሆነው ያዛሉ። መጀመሪያ በውሃ ብቻ አቧራውን ታውርደው፤ አቧራ ላይ ጨርቅ ማሳረፍ ቀለሙን በአሸዋ መፈተግ ነው። ከጣሪያው ትጀምርና ወደ ታች ትውረድ፤ ጎማው መጨረሻ፣ እሱም በራሱ ጨርቅ። ባልዲው ሁለት ይሁን፣ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ስፖንጁን ለማለቅለቂያ። የሳህን ሳሙና ይዛ የወጣች ዕለት የቀለሙን ሰም ልትገፈው ነው ብለው እስከ ምሳ ድረስ አኮረፏት። የወፍ ኩስ ደርቆ ሲገኝ እርጥብ ጨርቅ ይለብስና እስኪለሰልስ ይጠበቃል እንጂ በጥፍር አይነካም። በመብራቶቹ ዙሪያ ያለውን ስንጥቅ ሚጣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ነው የምታጸዳው፤ ሐኪሙ ይህን ሲሰማ መኪናውም ካርድ ይውጣለት ብሎ ቀልዶባታል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የምታደርገው ለአባቷ ስትል ብቻ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ሰሙን ቀብታ ስትጨርስ አባቷ በመስኮቱ ጠርተዋት፣ ሞተሩ የተሠራ ዕለት መኪናው የእሷ እንደሆነ ነግረዋታል። ለወንድሟም ነግሬዋለሁ ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ሚጣ ስታጥበው የራሷን ንብረት እንደምታጥብ ሆነች። ከሥራ ስትመለስ በሩን ከፍታ አምስት ደቂቃ መሪው ኋላ ትቀመጣለች። ማንም አላያትም፤ አባቷ ግን ያውቁ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። ሚስትና ሁለት ልጆች ይዞ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ይኖራል፤ በወር አንዴ በፒክአፑ ብቅ ይላል። ጨዋታ ያውቃል። እሱ የመጣ ቀን አባቷ ፂማቸው ይላጫል፣ ድምፃቸውም ይጎላል። ሚጣ በዚህ አትቀናም ነበር፤ ጋሼ ሲመጣ ቤቱ ሰው ሰው ይሸታል ትላለች።

አንድ ዓርብ ማታ ይኸው ወንድሟ ደውሎ ሞተር በመፍታት የታወቀ መካኒክ እንዳገኘ፣ እሑድ ጠዋት መኪናውን ጎትተው እንደሚያደርሱለት ነገራት። እንደዚያ ቀን ተደስታ አታውቅም። ደግሞም ጥሩ አድርገሽ እጠቢው አላት፤ መካኒክ ንጹሕ መኪና ሲያይ ተጠንቅቆ ነው የሚነካው። እውነት መሰላት። ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መኪናው ላይ ዋለች። ሰሙን ቀብታ፣ አድርቃ፣ በለስላሳ ፎጣ ወልውላ ስትጨርስ አባቷ በመስኮቱ አዩና "ኮፈኑ ላይ ሰሙን ድገሚው" አሏት። ደገመችው። ሰማዩ በኮፈኑ ላይ ይታይ ጀመር።

እሑድ ጠዋት ወንድሟ መጣ። ባትሪ ተውሶ አምጥቶ ገጠመ፤ ክላክሱና መብራቱ ሠሩ። አባቷ በመስኮቱ ልክ እንደ ድሮው ትምህርት ሰጡ። ገመዱ ፓራውልቱ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ያለው መጎተቻ ቀለበት ላይ ይታሰር፤ ቀለሙን እንዳይቧጭረው ቋጠሮው በጨርቅ ይጠቅለል። መሐሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይንጠልጠል፣ ሰው በሁለቱ መኪና መካከል እንዳይገባ። ቁልፉ ይዙር፣ አለዚያ መሪው ይቆለፋል። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። ሞተሩ ስለማይሠራ ፍሬኑ ድንጋይ ነው የሚሆነው፤ ቀድማ፣ አጥብቃ ትርገጥ። ከሁሉ በላይ ገመዱ እንዳይላላ። ከላላ በኋላ ሲወጠር ይበጠሳል። ኋላ ያለው ሰው ነው ገመዱን የሚጠብቀው፤ ስለዚህ ኋላ ሚጣ ትቀመጥ አሉ።

"ከወንድሜ ትበልጣለች ማለትዎ ነው?" አለች እየሳቀች።

አባቷ አልሳቁም። ቀስ ብላችሁ ሂዱ አሉና ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። ሚጣ መኪናው ሲወጣ ማየት ከብዷቸው ነው ብላ አዘነችላቸው።

መንገዱ ባዶ ነበር። ወንድሟ ከሃያ አያልፍም፤ እሷም ዓይኗን ከፒክአፑ የፍሬን መብራት ሳትነቅል ገመዱን ወጥራ ተከተለችው። መሪው ከብዷት ትከሻዋ ቢቃጠልም ደስ ብሏታል። ከአደባባዩ ሲደርሱ ወደ ጋራዦቹ ሠፈር የሚወስደው በስተግራ ነው። ወንድሟ ግን ቀጥ ብሎ አለፈ። ክላክስ አደረገች። በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ተከተይኝ የሚል ምልክት ሰጣት። ደግማ ክላክስ አደረገች፤ አልቆመም። በገመድ የታሰረ ሰው የት ይደርሳል? የሚያውቀው አቋራጭ ይኖራል ብላ ተከተለችው።

የቆሙት አረንጓዴ በር ያለው ግቢ ውስጥ ነው። የሞተር ዘይት የነካው መሬት የለም፣ የተፈታ መኪና የለም። አንድ ቀጭን መነጽራም ሰውና እርጉዝ ሚስቱ ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰውየው መጥቶ ኮፈኑን በመዳፉ ዳሰሰና ለሚስቱ ነይ እይ አላት። ከዚያ ወደ ሚጣ ዞረ።

"እርስዎ ነዎት የሚያጥቡት? ወንድምዎ ነግረውኛል። እኛም እንደ እርስዎ እንይዘዋለን፤ አያስቡ።"

ሚጣ መጀመሪያ የሚለው አልገባትም። ወንድሟን አየችው። ወንድሟ ገመዱን ለመፍታት ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ቀና አላለም። ያን ጊዜ ገባት።

ከመኪናው ወጥታ ወንድሟን ከፒክአፑ ጀርባ ወሰደችው። ምንድን ነው ይሄ አለችው። ወንድሟ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው፣ በኋላ ሁሉንም አስረዳሻለሁ አለ። ሞተሩ ተሠርቶ የማያልቅ ነገር ነው፣ መኪናው ቆሞ ከሚበሰብስ ሰው ይጠቀምበት አለ። ሚጣ የአባቷን መኪና ከአባቷ ተደብቆ የሚሸጥ መስሏት ደሟ ፈላ።

"አባባ ይህን ሲሰሙ ይሞታሉ" አለችው።

ወንድሟ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ሰጣት። "አባባ ያውቃሉ፣ ሚጣ።"

የሽያጭ ውል ነው። ከታች የአባቷ ፊርማ አለ። ቀኝ እጃቸው እምቢ ካለ ወዲህ በግራ የሚፈርሙት፣ እየተንቀጠቀጠ ወደ ላይ የሚወጣው ፊርማ። ይህን ፊርማ በግራ እጅ ያለማመደቻቸው እሷ ናት፤ ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ደብተር ላይ። ቀኑን አየችው፤ ሐሙስ ነው። ሐሙስ አባቷ ሥራ ቦታ ደውለው ስትመለሺ ከሩቁ መድኃኒት ቤት ቅባት ግዢልኝ ብለዋት ነበር። ቅባቱን ይዛ ስትገባ ፂማቸው ተላጭቶ አግኝታቸው፣ ምነው አምሮብዎታል ብላ ስቃለች።

ብታለቅስ ይቀላት ነበር። እንባው ግን አልመጣም። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለትና ወደ ገዢው ሄደች። ምን ችግር አለበት ብለው እንደነገሩት ጠየቀችው። የነዳጅ ፓምፑ ብቻ ነው የተበላሸው ብለውኛል አለ።

"ሞተሩ ተጣብቋል" አለችው። "ሦስት ዓመት አልዞረም። ውጪውን አይዩ፤ ውጪው የእኔ እጅ ነው።"

ሰውየው ወንድሟን አየ። ወንድሟ ሊስቅ ሞከረ፣ መካኒኩ ነው ፓምፕ ያለኝ ሲል ጀመረና የትኛው መካኒክ እንደሆነ ሲጠየቅ ተንተባተበ። እርጉዟ ሴት ወደ ቤት ገባች። ገዢው አልጮኸም። ወረቀቱን ተቀበለና ቀዶ ለወንድሟ ሰጠው፤ ይዘውልኝ ይሂዱ አለ። ሚጣን እስከ መኪናው ድረስ ሸኛትና የራሱን በር እንደሚከፍት ሁሉ በቀስታ ከፈተላት።

ስለዚህ ያንኑ መንገድ ተጎትተው ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት ወንድሟ ገመዱን እያሰረ በሰው ፊት አዋረድሽኝ አላት። ሚጣ ዕድሜዋን ሙሉ ጋሼ ብላ፣ አንተ ብላ የኖረችውን ሰው "ቋጠሮውን በጨርቅ ይጠቅልሉት" አለችው። በአንቱታው ደነገጠና ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ግን ገብታ በሩን ዘግታለች።

ሲመለሱ ወንድሟ ተናዶ ይነዳ ነበር። ይፈተለካል፣ ድንገት ፍሬን ይይዛል። ሚጣ በሁለት እግሯ ፍሬኑን እየረገጠች ገመዱን ወጥራ ያዘች። መንገድ ላይ ሰው አለ፣ ሕፃን የያዘ አለ። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው፤ መጥረጊያ እጅ አልነበራትምና እንደወረደ ወረደ። የሚያንገበግባት ወንድሟ አልነበረም። ወንድሟ ቢዋሽ ሲዋሽ ያደገ ሰው ነው። ኮፈኑ ላይ ሰሙን ድገሚው ያላት ድምፅ ነበር ከጆሮዋ አልወጣ ያላት።

አባቷ መኪናው ተመልሶ ሲገባ በመስኮቱ አዩ። ወንድሟ ገመዱን ፈታና ቤት ሳይገባ ሄደ። ሚጣ እጇን ታጠበች፣ የአባቷን ምሳ አሞቀች፣ አጠገባቸው አስቀመጠች። ከዚያ ቆማ ጠየቀቻቸው።

"ትናንት ሰሙን ድገሚው ያሉኝ ለገዢው ነው?"

አባቷ ሳህኑን በግራ እጃቸው ገፋ አደረጉት። ወንድምሽ፣ መኪናው ሲሸጥ ቤቴ ወስጄ አስቀምጥዎታለሁ አለኝ አሉ። ምድር ቤት ያለውን ክፍል አዘጋጅቶልኛል፣ ልጆቹ አጠገቤ ይሆናሉ አለኝ።

"እኔ አላስቀመጥኩዎትም?"

"አስቀምጠሽኛል። ወንድ ልጄ ቤት ልኑር ብዬ ነው፣ ሚጣ። ብነግርሽ ታለቅሻለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"ቢጠይቁኝ እሰጥዎት ነበር" አለች። ማንኪያውን በግራ እጃቸው አስያዘቻቸውና ወጣች።

በማግሥቱ ከሥራ ለወንድሟ ሚስት ደወለችላት። አባባ መቼ ወደ እናንተ እንደሚመጡ ልጠይቅሽ ብዬ ነው አለቻት። እሷም የምን መምጣት ብላ ደነገጠች፤ የምድር ቤቱ ክፍል ከተከራየ ዓመት አልፎታል፣ እኛ ራሳችን በሁለት ክፍል ታጭቀን ነው ያለነው አለች። ሚጣ አመሰግናለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች። ሐኪሙ መስታወት ሲጠይቃት ሌላ መሣሪያ አቀበለችው፤ ሐኪሙም አይቶ እንዳላየ አለፈላት።

ለአባቷ አልነገረቻቸውም። ብዙ ጊዜ አፏ ላይ መጥቷል። አባቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወንድምሽ አልደወለም ወይ እያሉ ጠየቁ፤ በአራተኛው ተዉት። አንድ ቀን ግን ወረቀት አምጪ አሉ። መኪናውን በስምሽ ላዙረው፣ በግራ እጄ እፈርማለሁ አሉ። ሚጣ ወረቀት አላመጣችም።

"አልፈልገውም፣ አባባ" አለች። "የተቆጣሁ አይምሰልዎ። አልፈልገውም።"

መኪናው አቧራ ለበሰ። አባቷ ቅዳሜ ሲደርስ መስኮቱን ማስከፈት ተዉ። በመጨረሻ መለዋወጫ ነጋዴ የሆነ ሰው ያለበትን ነገር ሁሉ ከሚጣ አፍ ሰምቶ፣ በጭነት መኪና ላይ ጭኖ ወሰደው። አልተጎተተም።

ከዚያ ሚጣ ለወንድሟ ደወለችና በአጭሩ ነገረችው። እሑድ እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ አባባን የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት፤ ማጠቡንም፣ ማብላቱንም፣ መድኃኒቱንም ወረቀት ላይ ጽፌልዎታለሁ አለች። ወንድሟ ሥራ እንዳለበት ሊናገር ጀመረ። ሚጣ ሦስት ሰዓት ላይ ይድረሱ አለችው። እሱም እሺ አለ።

የመጀመሪያው እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ሚጣ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ነበረች። ወዴት እንደምትሄድ ራሷም አልወሰነችም፤ ምናልባት በአውቶቡስ እስከ መጨረሻው ፌርማታ። አባቷ ወንበራቸው ላይ ሆነው አንዴ ልጃቸውን አንዴ እሷን አዩ።

"ትመለሻለሽ?" አሏት።

"ማታ" አለች ሚጣ፣ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።