የዱረቲ ስንዝር

ሌላ ሰው ሲከራከር ድምፁን ያነሳል፤ ቢራቱ ግን ሜትሩን ነው የሚመዘው። ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባል ሰፈር ውስጥ መንገድ ዳር የእንጨት ሥራ ቤት ያለው አናጢ ነው። «አስር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የምትለዋን ተረት ለደንበኛውም ለጎረቤቱም ሲደጋግም ሰው አሰልችቷል። ሚስቱ ኡርጂ «እኔን ስታገባ ስንት ጊዜ ለካህ?» እያለች ትቀልድበታለች። በሥራው የሚቀልድ ሰው አይወድም፤ ኡርጂን ግን ምን ያደርጋታል?

ለዚህ ነው መምህርት ብፅዓት ወረቀቱን ስትመልስበት ደሙ የፈላው። ወረቀቱ በየሳምንቱ አርብ ከመዋዕለ ሕፃናቱ በልጁ በዱረቲ ቦርሳ ይመጣል፤ ወላጅ ከልጁ ጋር ቤት ውስጥ የሚሠራው ነገር ተጽፎበታል። ኡርጂ ቀኑን ሙሉ ገበያ ስለምትውል ሥራው ለእሱ ወድቋል። የዚያ ሳምንቱ «የቤታችሁን ጠረጴዛ ከልጃችሁ ጋር ለኩ» ይላል። ይሄ ለአናጢ ሥራ ሆኖ ነው? ቢራቱ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ቁመቱን በሳንቲም ጽፎ፣ ፈርሞ ላከ። መምህርቷ ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ጽፋ መለሰችው፦ «ዱረቲስ?»

በማግስቱ ሜትሩን ኪሱ ከቶ ትምህርት ቤት ሄደ።

ብፅዓት ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ናት፤ አርጆ አካባቢ ስላደገች ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ትናገራለች። የተቀመጠችበትን ጠረጴዛ የሠራው ራሱ ቢራቱ ነው፤ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዓይኑ ወደ ጠረጴዛው እግሮች ወረደ። ከአንዱ እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ተሸጉጧል።

«ወለሉ ነው» አለ ማንም ሳይጠይቀው። «የኔ ጠረጴዛ አያነክስም። ወለላችሁ ነው ጠማማ።»

«ይሁን፣ ኦቦ ቢራቱ። እኔን ያሳሰበችኝ ዱረቲ ናት።» ብፅዓት ወንበር ሳበችለት። «ክፍል ውስጥ አትናገርም። ቁጠሪ ስላት አንድ ትልና ፊቴን ታያለች፤ ተሳስተሻል የሚላትን ሰው የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። ሰኔ ላይ ልጆቹ ቤት የተማሩትን ለወላጆች ያሳያሉ። እስከዚያ አንደበቷ ካልተፈታ፣ አንድ ዓመት እዚሁ ብትቆይ ይሻላል። አንደኛ ክፍል ስልሳ ልጅ መሀል ትጠፋብናለች።»

ቢራቱ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን ሌላ ነገር ታወሰው። ዱረቲ ቤት ውስጥ በኦሮምኛ «ቶኮ፣ ለመ፣ አፉር» እያለች ስትቆጥር፣ ሦስትን መዝለሏን ራሷ ሳታውቀው እሱ «አይደለም!» ይላታል። በጠዋት «አይደለም»፣ በምሳ «አይደለም»። ማስተማር መስሎት ነበር። እንደ ዓይኑ ብሌን የሚወዳትን ልጅ አፍ የዘጋው እሱ መሆኑ ሲገባው አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

«ምን ላድርግ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሜትሩን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት። በራሷ እጅ ትለካ። ስትሳሳት ራሷ እስክትደርስበት ዝም ይበሉ።»

ዝም ማለት ለቢራቱ ከግንድ መሸከም ይከብደዋል። ቅዳሜ ጠዋት ዱረቲን ጠረጴዛው አጠገብ አቆማትና እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ በጥርሱ ነከሰው። እሷ ትንሿን እጇን ዘርግታ በስንዝር ጀመረች። «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ፣ ሸን...» አራትን ዘለለች። እርሳሱ ጥርሱ መሀል ተንቋቋ። አስራ አንድ ስንዝር ሆነ። ከዚያኛው ጫፍ እየለካች ስትመለስ አስር ሆነ።

ቆም ብላ ፊቱን አየችው። እርሳሱን እንደነከሰ ነው።

«አባ፣ ቅድም በዝቶ ነበር።»

«እምም» አለ።

«እንደገና ልለካ?»

ሦስተኛው አስር ሆነ፤ አራተኛውም አስር። ቢራቱ ወረቀቱ ላይ «አስር የዱረቲ ስንዝር» ብሎ ጻፈና፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ያልተለካ ነገር የለም። በሩ፣ አልጋው፣ የእናቷ ነጠላ፣ መቆም እምቢ ያለው የጎረቤት ዶሮ ሁሉ ተለኩ። ምስማር በየመጠኑ በጣሳ ለየች። አንጮቴ የሚባለው የወለጋ ሥራ ሥር ሲቀቀል ልጣጩን ከአባቷ ጋር እየላጠች ለእሱ ስንት፣ ለእናቷ ስንት እንደሚደርስ አከፋፈለች፤ ትልቁ ሁልጊዜ ለራሷ ነበር።

አንድ ቀን ደንበኛ የሚያነክስ ባለ አራት እግር ዱካ ይዞ መጣ። ቢራቱ ልጁን ጠራት።

«እንግዲህ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የሚያነክሰው ዱካው ይሁን ወለሉ በምን እናውቃለን?»

አላወቀችም። እሱም አልነገራትም፤ «እስቲ አዙሪው» ብቻ አላት። አዞረችው። አንካሳው እግር አብሮ ዞረ።

«እግሩ ነው!» ብላ ጮኸች። «ወለሉ ቢሆንማ እዚያው ይቀር ነበር!»

ሰኔ ደረሰ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ክፍል በወላጅ ጢም አለ። ከቢራቱ አጠገብ የቆመው ነጋዴው ነመራ ነው፤ ለአዲሱ ቤቱ ሙሉ ዕቃ ሊያሠራ ከቢራቱ ጋር ዋጋ ላይ ናቸው። የዱረቲ ተራ ሲደርስ ቢራቱ እርሳሱን ነከሰ፤ ኡርጂ ክንዱን ያዘች።

ዱረቲ ቀስ ብላ ወደ መምህርቷ ጠረጴዛ ሄደችና እጇን ዘረጋች። «ቶኮ... ለመ...» ድምፅዋ በጭንቅ ይሰማል። አምስት ላይ ስትደርስ ጠረጴዛው ወዝወዝ አለ። ጎንበስ ብላ ካርቶኑን መዘዘችው።

«ይሄ ያነክሳል።»

«ወለሉ ነው፤ አባትሽ ለሰፈሩ ሁሉ ነግሯል!» አለ ነመራ። ሰው ሳቀ።

ዱረቲ አልሳቀችም። «ይዙር» አለች።

ብፅዓትና ነመራ ጠረጴዛውን አዞሩት። አንካሳው እግር አብሮ ዞረ። ዱረቲ መሬት ተቀመጠችና ትንሿን ጣቷን ከእግሩ ሥር ሰደደች፤ ልክክ ብላ ገባች።

«እግሩ ነው። አንድ ጣት ያንሳል።»

ከዚያ ቀና ብላ፣ ተሳስተሻል የሚላትን ሰው በምትጠብቅበት በዚያ አስተያየት የአባቷን ፊት አየች። ነመራ ዞር ብሎ ቢራቱን አየው። ለሰው ሁሉ «ወለሉ ነው» ሲል የከረመ ሰው አንዴ «አይደለም» ቢል ማን ይከራከረዋል? ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቷል። ግን ጠረጴዛውን በሠራ ቀን ቸኩሎ፣ ያቺን እግር አንዴ ብቻ ለክቶ እንደቆረጣት ያውቃል።

እርሳሱን ከአፉ አወጣ።

«ልክ ነሽ፣ ኢንተላ ኮ። እግሩ ነው። ያጎደልኩት እኔ ነኝ።»

ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል!» አለች ኡርጂ፤ ነመራ ደግሞ የቢራቱን ትከሻ መታ አደረገና «የኔን ዕቃ እሷ ትለካልኛለች፤ ያለሷ አልዋዋልም» አለው። ብፅዓት ስለሚቀጥለው ዓመት የምትለው ነገር ነበራት፤ ዱረቲ ግን ፋታ አልሰጠቻትም። የጣሳውን ምስማር፣ ዶሮውን፣ አንጮቴውን ሁሉ ትናገራለች። መሀል ላይ ድንገት ወደ አባቷ ዞረች።

«አባ፣ አስር ጊዜ አልለካህም ነበር?»

«አልለካሁም» አለ ቢራቱ።

ቅዳሜ ጠዋት መጋዙን ይዞ ከእሷ ጋር ተመለሰ። ብፅዓት በሩን ከፍታ ጠበቀቻቸው። «ይቺን ተማሪ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ነው የምታገኟት» አለችው። ቢራቱ ጠረጴዛውን ገለበጠው። ሦስቱ እግሮች በአጭሩ ልክ መቆረጥ አለባቸው። እጁን ኪሱ ከቶ ሜትሩን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው።

«ነይ» አላት እርሳሱን እያዘጋጀ። «ጣትሽን አምጪ።»