ስለ ቦይለሩ የተናገረችው

ቦይለሩ በታኅሣሥ መጀመሪያ ውሃ ማሞቅ ሲያቆም ለተሥላሴ የተጨነቀችው ለእናቷ ነበር። ወይዘሮ ወለተሐና ከደሴ መጥተው አብረዋት መኖር ከጀመሩ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጉልበታቸው ጠዋት በሙቅ ውሃ ካልታሸ አይታጠፍላቸውም። በዚያ ወር ደግሞ የካራማራ ነፋስ ጅጅጋን እስከ ረፋድ ድረስ ያንዘፈዝፋታል። ሦስት ቀን ውሃ በምድጃ እያሞቀች በባልዲ ስታመላለስ ቆየችና በአራተኛው ቀን የሰፈሯን ባለሱቅ ዐናብን ጠየቀች።

"ዐብዲዐዚዝን ጥሪ፣ አባዮ" አለቻት ዐናብ፣ በሶማሊኛ እህቴ ለማለት። "የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው ነው።"

ለተሥላሴ ቴክኒሻን አታምንም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲወራ የምትሰማው ሁሉ ስለተቀየረ ሞተርና ስለጠፋ ዕቃ ነው። ቢሆንም ጠራችው።

ዐብዲዐዚዝ አርባ ዓመት የሚሆነው ዝምተኛ ሰው ነበር። ኤሌክትሪኩን አጠፋ፣ ውሃውን አፈሰሰ፣ ከቦይለሩ ሥር ያለውን ክዳን ፈታና ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት፣ ባለሙያዎቹ ሬዚስታንስ የሚሉትን፣ እየወዘወዘ ስቦ አወጣው። ክንድ የሚያህል፣ ግራጫ፣ ወፍራም ነገር ነበር።

"ወደ ሱቄ እወስደዋለሁ" አለ። "በአሲድ ነው የሚጸዳው። ሽታው ለሆዮ ጥሩ አይደለም።" ሆዮ የሚላቸው እናቷን ነው፤ በሶማሊኛ እናት ማለቱ ነው። ወይዘሮ ወለተሐና ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ለተሥላሴ በምሳ ሰዓት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሊገጥመው ሲል ደረሰች። በእጁ የያዘው ብረት ጣት የሚያህል ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ ነው።

"ይኼ ነው የወሰድከው?"

"ራሱ ነው" አላት ቀና ሳይል። ጁምዓ እንዳያመልጠው ይቸኩል ነበር። ገጥሞ ሲጨርስ መሣሪያውን ሰብስቦ በሩ ላይ ቆመ። "ቲቸር፣ ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ውስጡ ጠቁሯል። አዲስ ግዢና ጥሪኝ፣ በነፃ እቀይርልሻለሁ። እስከዚያው ብዙ አታብሪው።"

ደግሞ ለሌላ ሥራ በር እየከፈተ ነው፣ አለች በልቧ።

ውሃው ሁለት ቀን ፈላ፤ በሦስተኛው ቀን ቀዘቀዘ። ለተሥላሴ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ዐናብ ሱቅ ሄደች። አምስት ስድስት ሴቶች ዕቃ እየገዙ ነበር።

"ዐብዲዐዚዝሽ ሰርቆኝ ሄደ" አለች፣ ለዐናብ ብቻ ከሚያስፈልገው ድምፅ ከፍ አድርጋ። "ደህናውን ዕቃዬን ወስዶ ርካሽ ገጠመልኝ።"

"ዐብዲዐዚዝ?"

"በዓይኔ ያየሁትን! ክንድ የሚያህል ወስዶ ጣት የሚያህል መለሰልኝ።"

"ረመዳን ይዞት ይሆናላ ብረቱን!" አለች አንዷ፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ለተሥላሴም ሳቀች። ሳቁ ደስ አላት፤ አንዴ ስለ አሲዱ፣ አንዴ ስለ ጁምዓው ጨማምራ ነገረቻቸው። ያልሳቀችው ሻሚስ ብቻ ነበረች። ሻሚስ የወንድሟን የዒጋልን ፔንሲዮን የምታስተዳድር ቁጥብ ሴት ናት።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለቻት ሻሚስ።

"አንቺን እንደማይሽ።"

በዚያው ሳምንት አንድ ባልደረባዋ ደረጄ የሚባል ኤሌክትሪሺያን ላከላት። ደረጄ መጀመሪያ የግድግዳውን ማብሪያ ፈታ። ፕላስቲኩ ቀልጦ ሽቦው ከሰል መስሏል።

"ቦይለርሽ ምንም አልሆነም" አለ። "ይኼ ነው የተቃጠለው። ማንም አልነገረሽም?"

ለተሥላሴ ብረቱን አውጥቶ እንዲያሳያት ለመነችው። አወጣው፤ እግሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጨርቅ ጠርጎ ከቦይለሩ ገላ ቁጥር ጋር አስተያየላት። አንድ ነው።

"ግን ወፍራም ነበር። እንዲህ፣ ክንድ የሚያህል።"

"ኖራ ነዋ! የዚህ አገር ውሃ ዓመት ሙሉ ሲፈላበት ምን ይጠበቃል? ያጸዳው ሰው እጁ ይባረክ፣ እኔ ብሆን አዲስ ግዢ ነበር የምልሽ።" ከዚያ ሳቅ አለ። "ቲቸር፣ ኬሚስትሪ አይደል እንዴ የምታስተምሪው?"

ኬሚስትሪ ነው። የዛሬ ወር የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ፣ ሥሩ ላይ የጋገረውን ነጭ ነገር በማንኪያ እየፋቀች ከምን እንደሚመጣ አስተምራለች። ፊቷ ጋለ። ደረጄ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ደህና ዋል ማለቷንም አላስታወሰችም።

በማግስቱ ዐናብን ለብቻዋ ጠብቃ ነገረቻት። ዐናብ ሚዛኑን መወልወሏን ተወች።

"ሻሚስ እኮ ሥራውን አስቀረችበት። የፔንሲዮኑን ዐሥራ አንድ ቦይለር ሊያጸዳ ተነጋግረው ነበር። አንቺ በተናገርሽ ማግስት ሌላ ሰው አስገባች።"

"እባክሽ አንቺ ንገሪያት፣ ዐናብ። ተሳስታ ነው በያት።"

"እኔ ነኝ እንዴ የተናገርኩት?"

ለተሥላሴ ሁለት ቀን እያመመኝ ነው እያለች ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ብቻ ሆነች። ስኳር እንኳ ከሩቅ ሱቅ ገዛች። እናቷ በሞቀው ውሃ ጉልበታቸውን እያሹ "ያን ሆዮ የሚለኝን ልጅ አመስግነሽልኛል?" ሲሏት ጓዳ ገባች።

በሦስተኛው ቀን ወደ ዐብዲዐዚዝ ሱቅ ሄደች። የተፈታ ፓምፕ ፊቱ ዘርግቶ ተቀምጧል። ቆማ፣ እየተንተባተበች፣ ሁሉንም ነገረችው። አላቋረጣትም።

"ይቅርታ አድርግልኝ። ያጣኸውን ሥራ ልክስህ፣ የምትለኝን ልክፈል።"

"ስንት ሰዓት እንደሠራሁ ነው የምትከፍዪኝ፣ ቲቸር? አልሠራሁም እኮ።" ብሎኑን ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። "ለእኔ መንገርሽ ምን ያደርግልኛል? አለመስረቄን እኔ አውቃለሁ። የት ነው የተናገርሽው?"

"ዐናብ ሱቅ።"

"እዚያ በይው። ሰው ባለበት።"

ያን ዕለት ከዐሥር ሰዓት በኋላ ሄደች። ሻሚስም ነበረች፤ እንቁላል እየመረጠች። ረመዳን ይዞት ይሆናላ ያለችውም ነበረች። ለተሥላሴ በመንገዷ ሁሉ ያሰናዳችው ቃል ጠፋት።

"ስለ ዐብዲዐዚዝ የተናገርኩት…" ብላ ቆመች። "ውሸት ነው። ማለቴ… ብረቱ የራሴ ነው። ምንም አልሰረቀኝም። ማብሪያውን ቀይሪ ብሎኝ ችላ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ክንድ የሚያህለውስ?" አለች ያችው ሴት።

"ኖራ ነበር።"

ዛሬ የሳቀ የለም። ለተሥላሴ ቢስቁ ይሻላት ነበር።

ሻሚስ እንቁላሉን አስቀመጠች። "ያን ቀን ስታወሪ እንዲህ ቃል አላጠረሽም።"

"አላጠረኝም።"

"ሥራውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ የፈቀደው ግን ወንድሜ ነው። ነይ፣ ለእሱም በይው። እኔ ብነግረው ሴት ሁለት ወሬ ታወራለች ይለኛል።"

በባጃጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ፤ ሻሚስ መንገዱን ሙሉ ወደ ውጭ ስትመለከት ነበር። ዒጋል የፔንሲዮኑ በር ላይ ከሁለት እንግዶች ጋር ቆሞ አገኙት። ለተሥላሴ እንግዶቹ እስኪሄዱ ልትጠብቅ ፈለገች፤ ሻሚስ ግን "ይቺ ቲቸር የምትነግርህ አለ" አለችው። በእንግዶቹ ፊት እንደገና ተናገረችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አልቀለላትም።

ዒጋል አገጩን አሸ። "የኔ እህት፣ አዲሱ ሰው እኮ ሰባቱን ጨርሷል። ከሥራው ላባርረው አልችልም፤ እሱ ምን አጠፋ? የቀሩት አራት ናቸው። ከፈለገ ቅዳሜ መጥቶ አራቱን ይሥራ። አንቺው ንገሪው።"

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዐብዲዐዚዝ ሱቅ ደረሰች። ፓምፑን መልሶ እየገጠመ ነበር።

"ተናግሬያለሁ" አለች። "ዐናብ ሱቅም፣ ዒጋል ጋም።"

"ሰምቻለሁ። ዐናብ ደወለች።"

"ዒጋል ቅዳሜ ና ብሎሃል። ግን…" ዓይኗን ወደ ፓምፑ መለሰች። "አራት ቦይለር ነው የቀረው።"

"ከዐሥራ አንዱ?"

"ከዐሥራ አንዱ።"

ዐብዲዐዚዝ ከፓምፑ ቀና አለ። ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ ወይም ግድ የለም እንዲላት።

"ሀየ፣ እሺ" አለ። "ቅዳሜ እሄዳለሁ።"

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠለ። ለተሥላሴ ሌላ ነገር የሚላት መስሏት ትንሽ ቆመች። ደህና እደር ብላው ወጣች፤ እሱም ለማንኛውም ደንበኛ እንደሚመልሰው መለሰላት።