የእማማ ባውዡ ኬክ

ኔማ ላይኛውን ፎቃችንን ከተከራየች ገና ሁለት ወሯ ነው። ታንዛኒያዊት መሐንዲስ ናት፤ እዚህ ቻይና፣ ሺያመን ወደብ ላይ ክሬን ትጠግናለች። የጨረቃ በዓል ሲቃረብ ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ካርቶን የጨረቃ ኬክ ሰጧት። እኛ አንዱን ለስምንት ቆርጠን ከሻይ ጋር የምንቀምሰውን፣ እሷ ሁለቱን እንደ ዳቦ ገምጣ ጨርሳ ሆዷን ይዛ ወደ እኔ ወረደች።

«እትዬ ሹፈን፣ ኬኩ መሀል የእንቁላል አስኳል አለ። ጨው ያለው።»

«ታዲያ የት ይሁን?» አልኳት።

«ደግሞ ይጣፍጣል» አለች፣ በራሷ እየተገረመች። «ሌላስ ምን ዓይነት አለ?»

እኔ ሰው ደስ ብሎት ሲበላ ማየት ነፍሴ ነው። የሎተስ ፍሬ ያለበትን፣ በማሾ የተሞላውን፣ ሥጋ የተጠቀጠቀበትን እየቆረጥኩ አቀረብኩላት። አንዱንም አልመለሰችም።

«እሁድ ከሰዓት ውረጂ» አልኳት። «ዋናው ኬክ ያኔ ነው። ግን እኛ ጋ በዓል ሲሆን ኬክ የሚገኘው ዳይስ ወርውሮ ነውና እጅሽን አሟሙቂው።»

እውነቱን ልናገር፣ እሁድ እስኪደርስ እንቅልፍ አልነበረኝም። ምክንያቱ አማቴ ናቸው። እማማ ባውዡ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ሰው የሚለዩት በኮቴው ነው። ሰኞ ጠዋት የቀዶ ጥገና ቀጠሮ አላቸው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተቀጥረው ሁለቱንም ቀርተዋል። ሐኪሙም አሁን ካለፈ ብርሃናቸው ላይመለስ ይችላል ብሎናል። እሳቸው ግን አሻፈረኝ አሉ።

«ዘንድሮ ሊቁ እጄ ካልገባ ማንም ዓይኔን በቢላ አይነካውም። ዕድሌን ሳላውቅ አልተኛላቸውም» አሉን።

ሊቁ የምንለው ለጨዋታው ከምንደረድራቸው ስልሳ ሦስት ኬኮች ትልቁን ነው፤ ሳህን ያህላል። ስድስት ዳይስ በሸክላ ሳህን ውስጥ ይወረወራል፣ የአራት ቁጥሯ ነጥብ ቀይ ናት። አራት ቀይ ያወጣ ሊቁን ይወስዳል፤ አምስት ቀይ ያወጣ ደግሞ ከእጁ ይነጥቀዋል። ሊቁን ይዞ የገባ ዓመቱን ሙሉ ይቀናዋል። እማማ በዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው አንድ ቀን አግኝተውት አያውቁም። እስቲ አሁን በዚህ ሰው ይጨክናል? እኔ ግን በጣም ተናድጄባቸው ነበር።

የምንጫወተው ምድር ቤት ነው፤ ድሮ የዓሣ መጋዘን ስለነበረ መስኮት የለውም። ባሌ ዌንሻን ኬኮቹን ደረደረ፣ እህቱ ሊዩን በሩ አጠገብ፣ የመብራቱ ማብሪያ ሥር ተቀመጠች። እማማ ኔማን እጇን ይዘው ጎናቸው አስቀመጧት።

«ዳይሱን የምታነብልኝ ይህች ናት። የእኔ ሰዎች አይታመኑም» አሉ።

«ኧረ እማማ፣ ምን አጠፋን?» አለች ሊዩን።

«ገና ልታጠፉ ነው» አሉ እማማ።

ኔማ መጀመሪያ ስትወረውር አንዷ ዳይስ ዘላ ከሳህኑ ወጣች። ተራዋ ተቃጠለ። ሁለተኛ ስትወረውር አንድ ቀይ አወጣች፤ ትንሿን ኬክ ወሰደችና እዚያው አፏ ውስጥ ከተተቻት።

«ዕድሏን እየበላችው ነው ይህች ልጅ» አሉ እማማ እየሳቁ። «ሰብስቢው እንጂ።»

ሳህኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዳይሱ በተንኳኳ ቁጥር ልቤ አብሮ ይንኳኳ ነበር። እማማ ሲወረውሩ ኔማ ጎንበስ ብላ ታነባለች፤ «ሁለት ቀይ ብቻ፣ እማማ።» ሊዩን በጠረጴዛው ሥር እግሬን ትረግጠኛለች። ኬኩ አለቀ፣ ሊቁ ብቻውን ቀረ። ኔማ ሳህኑን ተቀብላ እጇን እፍ ብላ ለቀቀች።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቀይ። አምስተኛዋ ዞራ ዞራ ቀይ ሆነች።

ኔማ ከወንበሯ ተነሥታ ዘለለች። ዌንሻንን አቀፈችው፣ እኔን ሳመችኝ፣ ሊቁን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጨፈረች። ደስታዋ እኔንም ይዞኝ ሊሄድ ነበር፤ እማማን ሳያቸው ግን ቀዘቀዝኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

«እንግዲህ አበቃ። ነገ ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ» አሉ።

ኔማ ግራ ገባት። ሊዩን በሹክሹክታ ነገሩን ነገረቻት። ልጅቱ ወዲያው ሊቁን እማማ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«ይውሰዱት፣ እማማ። እኔ ይበቃኛል።»

«አንሺ» አሉ እማማ። «ሰው የሰጠኝ ዕድል ለእኔ ምን ያደርግልኛል? አጥብቀሽ ያዢው። እጅሽን ብታላዪልኝ አውቃለሁ።»

ኔማ ዓይኗ እንባ አቅርሮ መልሳ አነሣችው።

የመጨረሻው ተራ የእኔ ነበር። ታዲያ ሌላም ሕግ አለን፤ ስድስቱም ዳይስ አንድ ዓይነት ጥቁር ቁጥር ካወጡ መብራት ይጠፋል፣ ማንም የማንንም ኬክ መንጠቅ ይችላል። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ወረወርኩና ዳይሱ መሽከርከሩን ሳያቆም ባለ በሌለ ድምፄ ጮኽኩ፣

«ስድስት ጥቁር! መብራት!»

ሊዩን ዕድሜ ይስጣትና አልጠየቀችም። ማብሪያውን ቀጭ አደረገችው።

ወንበር ተገለበጠ። የዌንሻን ጭንቅላት ከጭንቅላቴ ተጋጨ። እኔ በዳበሳ ሊቁን አግኝቼ እማማ እቅፍ ውስጥ ልወረውር ነበር ሐሳቤ፤ ያገኘሁት የሊዩንን ጆሮ ነው። ኔማ፣ «አልለቅም፣ አልለቅም» ትላለች፤ ቃሏን ጠብቃ። ከዚያ በድንገት ሳቋ ፈነዳ፤ «ብብቴን ማነው የሚኮረኩረኝ?»

መብራቱ በራ።

ሊቁ እማማ ባውዡ እቅፍ ውስጥ ነው። ጫፉን አንዴ ገምጠውታል፣ አገጫቸው ላይ ፍርፋሪ አለ። ለካ በዚያ ክፍል ጨለማ የለመዱት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«አፈፍ አደረጉብኝ እኮ» አለች ኔማ እየሳቀች። «እንዲህ ያለ ጉልበት አለዎት?»

እማማ አልሳቁም። ቀስ ብለው አኘኩ፣ ዋጡ።

«ልጄ፣ እስቲ የሹፈንን ዳይስ አንብቢልኝ።»

ቀድሜ ሳህኑን መገልበጥ ነበረብኝ። ኔማ ወደ ሳህኑ አየች፣ ወደ እኔ አየች። ራሴን ነቀነቅሁላት፤ በእናትሽ ስድስት ጥቁር በያት ማለቴ ነበር።

«ሦስት» አለች በቀጭን ድምፅ። «ሦስት። አምስት። አንድ። ሁለት። ስድስት።»

እማማ በእጃቸው የሊቁን ጠርዝ ዙሪያውን ዳሰሱት፣ የነከሱት ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። የነገው ቀጠሮ እዚያ ጣት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሊዩን ልታለቅስ ደርሳለች።

«መብራቱን ያጠፋችሁት በውሸት ነው» አሉ በመጨረሻ። «የነጠቅሁት ግን በእውነት ነው። ማንም አላላላልኝም።»

ቢላ አስመጥተው ሊቁን ራሳቸው በዳበሳ ቆረጡት። አስኳሉ የበዛበትን ቁራሽ ኔማ እጅ ላይ አኖሩ። ከዚያ ወደ ኮቴዬ ዞሩ።

«ሹፈን፣ የሆስፒታል ልብሴን አዘጋጂ። ከርሞ ዳይስሽን የማነብልሽ እኔ ነኝ።»