ንጹህ ውሃ ምን ይጎዳል?

ወንድሜ የፍሳሽ መስመር ተቆጣጣሪ ከሆነ ወዲህ ሰፈሩ ስሙን ረስቶታል። «አቶ ክዳን» ነው የሚሉት። በየግቢው እየዞረ «የጉድጓዱን ክዳን አትክፈቱ» ሲል ስለሚውል ነው። እኔም አንዳንዴ አምልጦኝ እጠራዋለሁ፤ ይኮሳተርና መልሶ ይስቃል።

ነገሩ ግን አያስቅም። ሰፈራችን ዳገት ላይ ነው፤ እኔና እማዬ የምንኖረው ከዳገቱ ሥር፣ መጨረሻው ቤት ውስጥ። የሰው ሁሉ የሽንት ቤትና የኩሽና ፍሳሽ በደጃችን ሥር በሚያልፍ አንድ ቱቦ ይወርዳል። በጋውን በሰላም ያልፋል። ዝናብ ሲመጣ ግን ከላይ ያሉት ግቢያቸው ውሃ እንዳይቋጥር የፍሳሽ ጉድጓዳቸውን ክዳን ብድግ ያደርጉታል። የግቢው ጎርፍ ዥው ብሎ ይገባል። ቱቦው ያን ሁሉ መሸከም ሲያቅተው በእኛ መታጠቢያ ቤት ወለል ቀዳዳ ወደ ላይ ይመለሳል። ምን ይዞ እንደሚመለስ አልናገርም።

እማዬ ደግሞ ከአልጋ አትወርድም። ከታመመች ወዲህ ግራ ጎኗ አይታዘዛትም፤ ጀርባዋም ቆስሏል። ባለፈው ክረምት አልጋዋን በብሎኬት ከፍ ብናደርገውም ውሃው ፍራሹን አገኘውና ቁስሏ አመረቀዘ። ሞት አፋፍ ደርሳ ተመለሰች። ሐኪሙ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ውሃ ከነካት እኔ ጋ አታምጧት፣ ምንም ላደርግላት አልችልም» አለን። ወንድሜ ጋ እንዳንወስዳት ከላይ ዳገቱ ላይ ያለው ቤቱ አንዲት ክፍል ናት፤ እሱ፣ ሚስቱና አራስ ልጃቸው ተጣበው ነው የሚያድሩት።

ዘንድሮ ወንድሜ ቆርጦ ተነሳ። ጎረቤቱን ሁሉ በደጃችን ሰብስቦ፣ ከላይ በሚኖረው ጡረተኛ ሾፌር ጉድጓድ ውስጥ ቀይ ቀለም አስፈሰሰ። እኛ በር ላይ ያለውን ጉድጓድ ክዳን ሲያነሳው ውሃው ቀልቶ ሲያልፍ ሁሉም አየ።

«ታዲያ የዝናብ ውሃ ንጹህ አይደል?» አለች ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ። «ንጹህ ውሃ ምን ይጎዳል? እንዲያውም ቱቦውን ያጥብልናል!»

ብዙዎቹ «እውነት ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ውለታ እየዋሉልን ነበር!

«እትዬ፣ አንድ ባልዲ ውሃ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል?» አላት ወንድሜ።

«ቀስ ብለህ ካፈሰስከው…» አለችና ሰዉን አሳቀችው።

ያኔ ወንድሜ እየመራ እማዬ ክፍል አስገባቸው። እማዬ በደህና እጇ አንድ በአንድ ጨበጠቻቸው፤ «ቁጭ በሉ እንጂ» አለች፣ መቀመጫ በሌለበት። ሳቁ ጠፋ። ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። ጡረተኛው ሾፌር «ከእንግዲህ ያንን ክዳን ብከፍት እጄን ይስበረው!» ብሎ ማለ። ሌሎቹም ተከተሉት። እኔ ሞኟ አመንኩ።

የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ጣለ። ብዙም ሳይቆይ የመታጠቢያ ቤቱ ቀዳዳ ጉርጉር አለ። ያንን ድምፅ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ጨርቅ ጠቀጠቅኩበት፣ ድንጋይ ጫንኩበት፤ «እማዬ፣ መጣሁ» ብዬ በንዴት ዳገቱን ወጣሁት።

ሾፌሩ ዶማ ይዞ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሟል። ክዳኑ ተነስቷል።

«ለትንሽ ጊዜ ነው፣ እህቴ። ሌላው ሁሉ ዘግቷል፤ የእኔ ብቻ ምን ያመጣል?»

የልብስ ሰፊዋም ክፍት ነው። የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ ሰቅላ ጨርቆቿን እያሸሸች «የእኔ ብቻ ምን ያመጣል ብዬ እኮ ነው» አለችኝ። የሚቀጥለውም ቤት፣ ከእሱ በላይ ያለውም እንደዚያው። ወንድሜን ይዤባቸው ልመጣ ወደ እሱ ቤት ሮጥኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ወንድሜ የመሥሪያ ቤቱን የዝናብ ልብስ እንደለበሰ ክዳኑን በሁለት እጁ አንስቶ ይዟል። ከኋላው ሚስቱ ሕፃኑን በአንድ ክንዷ ታቅፋ የገባውን ውሃ በሳህን ከቤት እየቀዳች ትደፋለች። አልጋቸው መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ነው።

አየኝ። «እትዬ… ጎደል ሲል እዘጋዋለሁ። ወዲያው እዘጋዋለሁ።»

ፊቴን አይቶ ክዳኑን መለሰው። የግቢው ውሃ ወዲያው ዞሮ ደጃፉን አለፈ፤ ሚስቱ ጮኸች፣ ሕፃኑም በድምፅዋ ደንግጦ አለቀሰ።

«ተወው፣ ክፈተው» አልኩት።

«እማዬስ?»

«ክፈተው አልኩህ!»

ዳግም አነሳው። እንባ ይሁን ዝናብ ፊቱ ሙሉ ርሷል። እኔም ሳላባብለው ቁልቁል ወደ እማዬ ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ ድንጋዩ ተገልብጧል፤ ጨርቁ ክፍሉ መሃል ይንሳፈፋል። ሽታው ፊቴን መታኝ። እስከ ጉልበቴ እየተነከርኩ አልጋው ጋ ደረስኩ። እማዬ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

«ልጄ፣ ወንድምሽ ቤት ውሃ ገባ እንዴ?»

«አልገባም፣ እማዬ። ደረቅ ነው።»

«ተመስገን» አለች።

እጄን በጀርባዋ ሥር ሰደድኩ። ፍራሹ ርሷል።