ከዳሱ ማዶ

ይርሳው የመጀመሪያዋን ሳል በመንገዱ አቧራ አመካኘ። ሁለተኛዋን በበቅሎዋ ላብ አሳበበ። ሦስተኛዋ ግን ሞጣ መግቢያ ላይ፣ የሠርጉ ከበሮ ከሩቅ መሰማት ሲጀምር፣ ኮርቻው ላይ ደፍታ አንዘፈዘፈችውና ማመካኛ አሳጣችው።

"አሁን ነው እንዴ የምትመጪው?" አለ ሳሏን በንዴት። በቅሎዋ እሷን የተናገረ መስሏት ቆመች።

ይርሳው የብቸና ልብስ ሰፊ ነው። ጨዋታ የሚወድ፣ ድግስ የማይጠግብ፣ ሠርግ ቤት ገብቶ ጭፈራውን ሳይመራ የማይወጣ ሰው ነው። ከኮርቻው ኋላ በንጹሕ አቡጀዲ ተጠቅልሎ የታሰረው ለወንድሙ ልጅ ለፋንታነሽ የሰፋላት የሙሽራ ካባ ነው። ጥልፉን ለመጨረስ ሲል የሰውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን ትቶ ግማሹን ደንበኛ አስቀይሟል።

ሚስቱ ንግስት አብራው ያልመጣችው በዚያ ሰሞን አገሩን ባዳረሰው ጉንፋን ተይዛ ስለነበር ነው። በመርከብ ተጭኖ መጣ ስለተባለ ሰዉ "የባሕር ማዶ ጉንፋን" ይለዋል። የብቸናው ክሊኒክ ድሬሰር ቤት ለቤት እየዞረ፣ "በሽተኛ ካለበት ቤት የወጣ ሰው፣ ያውም ካሳለው፣ ሰው የታጨቀበት ዳስ እንዳይገባ፤ አዛውንት ይጎዳሉ" ሲል ብቸና በሳቅ ነበር የሸኘው። በጥር ወር ዳስ አትግቡ ይባላል? ከሳቁት አንዱ ራሱ ይርሳው ነበር።

ንግስት ግን አልሳቀችም። ሲሰናበታት ከመደቡ ቀና ብላ፣ "ካሳለህ እንዳትገባ፣ አደራ። የእናትህን ደረት ታውቀዋለህ" አለችው።

"እኔን ጉንፋን አይደፍረኝም" ብሎ ነበር የወጣው።

ተራ ሠርግ ቢሆን ኖሮ እዚያው ፊቱን አዙሮ በተመለሰ። ይሄ ግን የእርቅም ሠርግ ነው። ከዓመታት በፊት ይርሳው ሲለምን ስለት ሲሳል ኖሮ ያገኘውን የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ፣ ታላቅ ወንድሙ በላቸው ቀረበት። "ወንድሜ ሳይመጣ እንጀራ አይቆረስም" ብሎ እንግዳውን ሁሉ እስከ ማታ አስርቦ ጠበቀው። በላቸው በኋላ "ወንዝ ሞልቶብኝ ነው" ብሎ ላከ። ይርሳው አላመነም፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ የሌላውን ደጅ አልረገጠም። አሁን እናታቸው ወይዘሮ ሀብትነሽ አንዴ ተቆጥተው አንዴ አልቅሰው በላቸውን አስለዝበውታል። መልእክቱም ደርሶታል፦ "ከመጣ በዳሱ መካከል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በእጄ አጎርሰዋለሁ፤ ያለፈው አለፈ። ከቀረ ግን ወንድም አለኝ አልልም።"

ይርሳው በቅሎዋን ኮልኩሎ ወደ አብዱልዋሂድ ሱቅ ነዳት። አብዱልዋሂድ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ይርሳው አቡጀዲና ክር የሚገዛው ከእሱ ነው። ግቢው ከበላቸው ግቢ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። በላቸውም እንደ ሞጣ ደጋሽ ሁሉ ለእስላም እንግዶቹ ለብቻ አሳርዶ፣ ለብቻ ወጥ አሠርቶ፣ አብዱልዋሂድ ግቢ ውስጥ አራቱም ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ለፀሐይ መከለያ ያህል የተሠራ ትንሽ ዳስ ጥሎላቸው ነበር።

አብዱልዋሂድ ወዳጁን ሲያይ እጁን ዘርግቶ መጣ። ይርሳው ከበቅሎዋ ኋላ ተሸሸገ።

"አትሳመኝ!"

"እኔ ደግሞ ምን አደረግሁህ?" አለ አብዱልዋሂድ ደንግጦ። "ከወንድምህ ልትታረቅ መጥተህ ከእኔ ልትጣላ ነው?"

"ጉንፋኑ ይዞኛል መሰለኝ። ዳሱ እንዴት ነው? ሰው በዝቷል?"

"ጠጠር መጣያ የለውም! ወንድምህ ደግሞ ጉንፋን በነፋስ ይገባል የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ዙሪያውን በጆንያና በሰሌን አስጠቅጥቆታል። ሌሊቱን ሙሉ ቀዳዳ እየፈለገ ብጣሽ ጨርቅ ሲወትፍ ነው ያደረው። ጨርቁን የገዛው ከእኔ ነው፤ ምን ቸገረኝ ብዬ ዝም አልሁ።"

"እማዬስ?"

"እማማ ሀብትነሽማ ከበሩ አጠገብ፣ ብርድ እንዳይነካቸው ተብሎ ከምድጃው ጎን ተቀምጠዋል። 'ሁለቱ ልጆቼ ሲጎራረሱ ሳላይ እህል አልቀምስም' ብለው ከጠዋት ጀምሮ በባዶ ሆዳቸው ናቸው።"

ይርሳው ነጠላውን አፍና አፍንጫው ላይ ጠመጠመና መንገዱን ተሻገረ። እግሩ ከሐሳቡ ቀድሞ ነበር። አንዲት ጉርሻ ጎርሶ፣ ትንፋሹን ውጦ ቢወጣ ማን ይሞታል? ድሬሰሩ ልጅ ነው፤ ሠርግ የሚያውቅ አይመስልም። ደግሞ ሳል ሁሉ የባሕር ማዶ ነው እንዴ? የአገር ውስጥ ሳልም አለ እኮ።

ከዳሱ በር ሲደርስ ወበቁ ፊቱን መታው። የጠላው፣ የወጡ፣ የሰው ላብ፣ የማገዶው ጭስ ሁሉ እዚያው ገብቶ መውጫ አጥቷል። ጭፈራውን የሚመራው ሰው ድምፁ የተሰነጠቀ፣ ዜማውን ከመሐል እየጣለ የሚያነሳ ነበር፤ ይርሳው ይሄን ሲሰማ ገብቶ ሊነጥቀው እጁን በላው። በጨለማው ውስጥ እናቱን አያቸው። ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጭናቸው መካከል አቁመው፣ ዓይናቸውን ከበሩ ላይ ተክለዋል። ብርሃኑ ከኋላው ስለነበር አልለዩትም። ከዚያ ደረታቸውን በእጃቸው ደግፈው ያችን የዱሮ፣ የምታፏጭ ትንፋሻቸውን ሳቡ፤ ግማሽ መንገድ ደርሳ ቆመች፤ እንደገና ሳቧት። ይርሳው በዚያ ዳስ ውስጥ ከዚያች ትንፋሽ በቀር ሌላ ነገር አልሰማ አለ። የራሱ ሳል ጉሮሮውን ስትጭረው አፉን በሁለት እጁ አፍኖ፣ እንባ ባቀረረ ዓይኑ፣ ወደ መንገዱ ሮጠ።

በላቸው አይቶት ነበር። ካባ የደረበው፣ ግርማ ሞገሱ የሞላው ደጋሽ፣ ነጠላው መሬት እየጠረገ፣ ተከትሎት ወጣ።

"ይርሳው! ደጄ ድረስ መጥተህ ትመለሳለህ?"

"ጋሼ፣ ወዲህ አትምጣ! አሞኛል። ንግስትም ታማ ነው የቀረችው።"

"ከብቸና ሞጣ ድረስ በበቅሎ ስትመጣ አላመመህም፣ ከመንገዱ እስከ ዳሱ ነው ያመመህ?"

"እውነቴን ነው። ዳስ አትግቡ ተብሏል፤ እማዬን ታያታለህ፣ ደረቷ..."

"ለክርስትናው ልትበቀለኝ ነው በለኝ!" ጮኸ በላቸው። "በል፣ ሰው ሁሉ ይስማ! በልጄ ሠርግ ልታዋርደኝ ነው የመጣኸው።"

ይርሳው ሊምል አፉን ከፍቶ ተወው። ለካ እውነት ሲሆንም እንዲህ ውሸት ይመስላል። የማይታመን ምክንያት ይዞ መቆም ምን ያህል እንደሚያሳፍር ገባው፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ገባው።

"ጋሼ፣ ያኔ ወንዙ እውነት ሞልቶ ነበር?"

በላቸው ነጠላውን ወደ ትከሻው መለሰ።

"ሞልቶ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ሁለት ጊዜ ገባሁበት። በሁለተኛው ዳማዋን በቅሎዬን ወሰዳት፤ እኔ የዛፍ ሥር ይዤ ወጣሁ።"

"ዳማዋን? ሸጣት ሲሉኝ ነበር እኮ?"

"ምን ልበል? በነሐሴ ወንዝ ገብቶ በቅሎ ያስወሰደ ቂል ልባል?"

"ጋሼ በላቸው፣ እኔ አላመንሁህም ነበር።"

"አውቃለሁ። እሱ ነው ያቃጠለኝ።"

"አሁን አምኜሃለሁ። አንተስ?"

በላቸው መልስ ከመስጠቱ በፊት ሳሏ መጣች። ይርሳው አጥሩን ይዞ ተጣጠፈ፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ አፉ ላይ የጠመጠመው ነጠላ ወደቀ። ቧልተኛነቱን የሚያውቅ ሁሉ እንኳ ይሄ የማስመሰል አለመሆኑን አየ። የበላቸው ፊት ተለወጠ፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደና ቆመ።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ሀብትነሽ ከዳሱ ወጡ።

"ልጄ! መጣህልኝ!" ብለው እጃቸውን ዘርግተው መንገዱን ተሻገሩ።

ይርሳው ወደ ኋላ ሸሸ። እናቱ ቀረቡ። በበቅሎዋ ዙሪያ ዞረ፤ እናቱም ዞሩ። ያ ሁሉ የተከበረ እንግዳ በተቀመጠበት ሠርግ ላይ ባለ ሚስትና ባለ ልጅ ጎልማሳ ከእናቱ ሲሮጥ ያየው ሰው ሁሉ ከትንሹ ዳስ ተነሥቶ ቆመ። አብዱልዋሂድ በጥምጣሙ ጫፍ አፉን ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

"አንት ልጅ፣ ከእኔም ተጣላህ እንዴ?" አሉ እናቱ ከዘራቸውን አንሥተው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

"እማዬ በሞቴ ቁሚ! በሽታውን ይዤ ነው የመጣሁት። እንዳልገድልሽ ነው የምሸሸው!"

ወይዘሮ ሀብትነሽ ቆሙ። ከዘራቸውን ተደግፈው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ በላቸው ዞሩ።

"በኅዳር በሽታ ጊዜ" አሉ፣ "አባታችሁ ከገበያ ሲመለስ አሳለው። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አልገባም አለ። ማሳው ዳር ጎጆ ቀልሶ ተኛ። እኔ ምግብና ውሃ ድንጋይ ላይ አኑሬለት እመለሳለሁ፣ እሱ መጥቶ ይወስዳል። ጎረቤቱ ሚስቱን ጠልቶ ነው ብሎ አማው። አንተ በላቸው ያኔ ጡት ትጠባ ነበር፤ ይኸው ልጅ ለመዳር በቃህ። ይሄ የሚያስል ደግሞ የተወለደው አባታችሁ ከዚያ ጎጆ ድኖ ከገባ በኋላ ነው።"

በላቸው ወደ ዳሱ ሄደ። ሌሊቱን ሙሉ የወተፈውን ጨርቅ ነቀለ፣ ጆንያውን ከማገሩ እየቦጨቀ ጣለ፣ ሰሌኑን ገፈፈ። ሚዜዎቹ መጀመሪያ ያበደ መስሏቸው ሊይዙት ነበር፤ ነገሩ ሲገባቸው አብረው መጎተት ጀመሩ። ነፋሱ ሲገባ ከውስጥ የታፈነው ሰው ሁሉ "እፎይ!" አለ። አግዳሚውና ገበታው ወደ ሜዳው ወጣ፤ ለእናታቸውም ከሰዉ ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ሥር ተነጠፈላቸው።

ይርሳው ከመንገዱ ማዶ፣ ከአብዱልዋሂድ እንግዶችም ተነጥሎ፣ አጥር ጥግ ተቀመጠ። ከትንሹ ዳስ የሚመጣው የወጥ ሽታ አንጀቱን አላወሰው፤ ግን የእስላም ሥጋ ነውና አይበላውም። አብዱልዋሂድ ሽምብራ ቆሎ በቅጠል አድርጎ ከሩቅ አንሸራተተለት።

"ሠርግ መጥቼ ቆሎ!" አለ ይርሳው።

"ለበሽተኛ እሱም በዛበት" አለ አብዱልዋሂድ።

ያን ጊዜ በላቸው የተከደነ ትንሽ ሳህን ይዞ መጣ። መንገዱ መካከል ካለው ድንጋይ ላይ አኖረና ወደ ኋላ ተመለሰ። ይርሳው ሄዶ ከፈተው። ሳህኑ ውስጥ አንድ ጉርሻ ብቻ ነበር፤ የሕፃን ጭንቅላት የምታህል፣ በአራት ጣት ተጨምቃ የተጠቀለለች። እናታቸው ከዛፉ ሥር አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ ጎረሳት፤ እንባውና ወጡ በአንድነት ወረደ። እልልታው ከሁለቱም ዳስ ቀለጠ። ወይዘሮ ሀብትነሽም "በሉ አሁን እኔንም አብሉኝ" አሉ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ የሙሽራው ወገኖች በቅሎ አስጫኑ። ፋንታነሽ አጎቷ በዚያው ድንጋይ ላይ ያኖረላትን ካባ ለብሳ ወጣች። ልኩ አንዲት ጣት እንኳ አልተዛነፈም። የአያቷን ጉልበት ሳመች፣ የአባቷን ሳመች፣ ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ መንገዱን ልትሻገር ተነሣች።

"አጎቴ፣ ያንተን ጉልበት ሳልስም አልሄድም!"

ይርሳው በልጅነቷ በጫንቃው ተሸክሞ ያዞራትን ልጅ አያት። ብቸና ሆኖ ካባውን ሲጠልፍ፣ በየመርፌው መሐል ያሰበው ይሄን ሰዓት ነበር። ጉልበቱ ራሱ ወደፊት ሊሄድ ፈለገ። ተነሣና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቀ።

"እዚያው ቁሚ፣ የኔ ሙሽራ" አላት። "ተመለሽና የአባትሽን ጉልበት እንደገና ሳሚ። ይሄኛው የኔ ነው።"

ፋንታነሽ አባቷን አየች። በላቸው ነጠላውን ሰብስቦ እግሩን ገጠመና ጉልበቱን ለሁለተኛ ጊዜ አመቻቸላት።