ባለ ቫት ቆርቆሮ

የምስራች ከዱባይ ሁለት ነገር ይዛ መጣች ይላሉ ደብረ ታቦሮች፤ ገንዘብና ግትርነት። ገንዘቡ ከመናኸሪያው በላይ፣ መንገድ ዳር፣ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ስትከፍትበት አለቀ። ግትርነቱ ግን ተረፈ፤ ሱቁንም ከዚያ በኋላ ያስተዳደረው እሱ ነው።

በሰው አገር በሰው ቤት ስትሠራ አሠሪዋ ለአንድ እሽግ ሻይ ቅጠል እንኳ ደረሰኝ ካልመጣላት በር ላይ አቁማ ኪሷን ትፈትሻት ነበር። ስለዚህ ለየምስራች ደረሰኝ ማለት የሒሳብ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ሌባ አለመሆኗን የሚመሰክርላት ነገር ነው። ሽያጯ አድጎ ለተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሰዉ ባጭሩ ቫት ለሚለው፣ መመዝገብ አለብሽ ስትባልም እንደ ሌላው ነጋዴ አማላጅ አላፈላለገችም። ሄዳ ተመዘገበች። የሽያጭ ማሽን ገዝታ እንደ ሙሽራ ጠረጴዛው ላይ ጉብ አደረገቻት፤ በዋጋውም ላይ አሥራ አምስት በመቶ ጨመረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኞቿ መንገድ መሻገር ተማሩ።

ከመንገዱ ማዶ የታምራት ሱቅ አለ። የታምራት ቆርቆሮ የሚመጣው የእሷ ከሚመጣበት ከዚያው ከባሕር ዳር መጋዘን ነው፤ አንዳንዴም በዚያው መኪና። ልዩነቱ ታምራት ሱቁን በወረቀት ላይ ለሦስት መክፈሉ ነው፤ አንዱ በራሱ ስም፣ አንዱ በሚስቱ፣ አንዱ በአማቱ። አማቱ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ በወረቀት ግን ብርቱ የምስማር ነጋዴ ናቸው። ሦስቱም ለየብቻቸው ትንንሽ ስለሆኑ ቫት አይነካቸውም።

«የምስሬ» አላት አንድ ቀን ታምራት፣ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን እየፋቀ። «ሰው እውነተኛ ሲሆን ደስ ይላል። እውነት ግን በችርቻሮ አትሸጥም።»

«አንተ ደግሞ በጅምላ ሸጠኻታል ጋሼ» አለችው። እሱም ሳቀ፤ ገበያ የቀናው ሰው ምን ያናድደዋል?

ገበያተኛው ሁሉ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነበር። «በደረሰኝ ስንት ነው? ያለ ደረሰኝስ?» ያለ ደረሰኝ አልሸጥም ስትል «በይ እንግዲህ ደህና ዋይ» ነው መልሱ። መሪጌታ ገብረየሱስ እንኳ ለቤተ ክርስቲያኑ እቃ ቤት ክዳን ሊገዙ መጡ። ስለ ታማኝነቷ አመስግነው፣ ስለ ሐቀኛ ነጋዴም በግዕዝ ጠቅሰው፣ በአማርኛ ተርጉመው ሲያበቁ «ለቤተ እግዚአብሔር ነውና ያቺን ቫቷን ተያት» አሏት። መተው እንደማትችል ስትነግራቸው «ሐቀኝነትሽን አምላክ ይቁጠርልሽ» ብለው ባረኳትና መንገዱን ተሻገሩ።

የምስራች ያን ለት ሱቋን ቀድማ ዘጋች። ቆርቆሮው ላይ አቧራ ነበረ፤ በመዳፏ ጠረገችው። ሰው አገር ሌባ ስትባል አላለቀሰችም ነበር፤ አገሯ ገብታ ሐቀኛ ስትባል ግን እንባዋ መጣ።

ታኅሣሥ ላይ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ አያ ዋልልኝ የሚባሉ የገሳይ ገበሬ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው ገቡ። ድንችና ገብስ የሸጡበትን ይዘው ነው የመጡት፤ ጥር ላይ ለሚድሩት ልጃቸው ቤት አቁመዋል፤ የቀረው ክዳን ነው። ማዶውን አይተው ነበር የተሻገሩት።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ማዶ ያለው ሰው ይኸንኑ ቆርቆሮ በርካሽ ይሰጣል። ያንቺ ምን ቢሆን ተወደደ?»

«ቫት ስላለው ነው አያ።»

«ምን አለው?»

«ቫት።»

አያ ዋልልኝ አንዱን ቆርቆሮ ገልብጠው አዩት። በጥፍራቸው ጫር አደረጉት፤ በጣታቸው ቆረቆሩና ድምፁን አዳመጡ። «የማዶውስ የለውም?»

«የለውም።»

«እኔስ ብያለሁ! ርካሽ ነገር ያለ ነገሩ አይረክስም።»

የምስራች ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባት። ገንዘቡ ያስፈልጋታል፤ የሱቁ ኪራይ ደርሷል። ግን ግትርነቱ ቀደማት። «አያ ዋልልኝ፣ ይስሙኝማ። ቫት ማለት ቆርቆሮው ላይ ያለ ነገር አይደለም። የመንግሥት ግብር ነው። እርስዎ ይከፍላሉ፤ እኔ ተቀብዬ አስገባለሁ። ቆርቆሮው ያው አንድ ነው።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። በዕድሜያቸው ሙሉ «የጎረቤቴ እቃ ከእኔ እቃ አንድ ነው» ያለ ነጋዴ ገጥሟቸው አያውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ከነጋዴ አፍ ከወጣ ከጀርባው አንድ ተንኮል አለ።

«ለሌላ ሰው ቃል ገብተሽበት ነው አይደል?» አሉ በቅሬታ። «የገሳይ ሰው ጥሩ ነገር አይገባው መስሎሽ ነው? ገንዘቤን ይዤ ነው የመጣሁ፤ ልመና አልመጣሁ!»

«ኧረ አያ፣ እኔ ምን—»

«ቁጠሪልኝ!»

ቆጥራ ሰጠቻቸው። ማሽኗ ተንጫጭታ ደረሰኙን ስትተፋው አያ ዋልልኝ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። «ይኼስ ምንድር ነው?»

«ደረሰኝ ነው። እንዳይጥሉት፤ በደህና ያስቀምጡት።»

በደህና እንዲቀመጥ የተባለ ወረቀት ተራ ወረቀት እንዳልሆነ አያ ዋልልኝ ወዲያው ገባቸው። እጥፍ አድርገው ከደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ጥር መጣ፤ ሠርጉ ተደገሰ። የሙሽሪት እናት ሸዋነሽ ልጃቸውን ሊጎበኙ በሄዱ ጊዜ ክዳኑን አንጋጠው አይተው «ይኼ ደግሞ እንዴት ያበራል!» ቢሉ፣ አያ ዋልልኝ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና «ባለ ቫት ነው» አሉ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ቫት ምን እንደሆነ አልጠየቁም። የባላገር ሴት ወግ አይደለም፤ የአማት ቤት ገብቶ አላውቅም ማለት ነውር ነው። ቤታቸው ሲመለሱ ግን ለጎረቤት ሁሉ ልጄ ባለ ቫት ቤት ገባች ብለው አወሩ። በዚያ ሰሞን ልጁን ለመዳር ሽማግሌ የላከ ሁሉ «ቤቱስ? ክዳኑስ? ቫት አለው?» ይባል ጀመር።

በየገበያው ቀን ከገሳይ፣ ከጋፋት፣ ከእብናት ድረስ ሰው እየመጣ «ባለ ቫቱን» አለ። የምስራች መጀመሪያ ለእያንዳንዱ አስረዳች። ማስረዳቷም ገበያውን ይበልጥ አደመቀው፤ «ልጅቷ ልትደብቀው ትሞክራለች፣ እሺ እንዳትሏት» የሚል ወሬ ቀድሟት ሄዷል። እያደር ማስረዳቱን አሳጠረችው። ኋላ ላይ ሲጠይቋት «አዎ፣ ቫት አለው» ብቻ ትል ጀመር። ውሸት አልነበረም። ግን በአፏ ውስጥ እንደ ውሸት ይጣፍጣት ነበር።

ታምራት ይህን ሁሉ ከማዶ ሆኖ ያያል። ጥርስ መፋቁን ተወ። ሳይውል ሳያድር ሰዓሊ ጠርቶ በሩ አናት ላይ በትልልቁ ቀይ ቀለም አጻፈ፤ «ባለ ቫት ቆርቆሮ እዚህም አለ»። ዋጋውንም ልክ እንደ እሷ አሥራ አምስት በመቶ ከፍ አደረገው። ገበሬውም ዋጋው ሲወደድ አመነው። የየምስራች ጭማሪ ወደ መንግሥት ይሄዳል፤ የታምራት ጭማሪ ወደ ታምራት ኪስ።

«ጋሼ፣ ይኼ ወንጀል ነው» አለችው ተሻግራ ሄዳ።

«ምኑ? አንቺ ጥሩ ነው ብለሽ ሸጠሽላቸው፣ እኔ ስል ወንጀል ሆነ?»

«ጥሩ ነው አላልኩም።»

«አይደለምም አላልሽም።»

ተመልሳ ሱቋ ገባች።

ታምራትን ያጋለጠው ሌላ ሰው አይደለም፤ የራሱ ጽሑፍ ነው። አንድ ጠዋት ቤዛዊት የምትባል ወጣት የግብር ሠራተኛ ከባልደረባዋ ጋር በዚያ ስታልፍ ቀና ብላ አነበበችና ፊቷ በራ። ነጋዴው ሁሉ ከቫት በሚሸሽበት ከተማ በቀይ ቀለም የሚያውጅ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። ገብታ እጁን ጨበጠችው። «እንኳን ደስ ያለዎት! መቼ ተመዘገቡ? ማሽኑስ የት አለ?»

ሱቁ በገበሬ ተሞልቷል። አልተመዘገብኩም ቢል ገበሬው ይሰማዋል፤ ተመዝግቤአለሁ ቢል ልጅቷ ወረቀት ትጠይቀዋለች። ታምራት ግንባሩን ጠረገ።

«ቫት ማለት እንግዲህ...» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የቆርቆሮው ዓይነት ነው።»

«ምን ዓይነት?»

«ወፈር ያለው።»

ባልደረባዋ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ውጭ ወጣ። ቤዛዊት ግን አልሳቀችም። በወሩ ውስጥ ታምራት ተቀጣ፤ ሦስቱ ሱቆች አንድ ሆኑ፤ ማሽን ገባለት። የአማቱም ንግድ በዚያው ተዘጋ፤ እሳቸው መክፈታቸውንም አያውቁ፣ መዝጋታቸውንም አልሰሙ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የምስራች ባሸነፈች ነበር። ክረምቱ ግን ከባድ ነበር። መስቀል ካለፈ በኋላ አያ ዋልልኝ አንድ የዛገ ቆርቆሮ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ከኋላቸው የገሳይ ሰው አስከትለው፣ የሱቁ በር ላይ ድብ አደረጉት።

«ቫቱ ለቀቀ!» አሉ። «አንድ ክረምት እንኳ ሳይይዝ ለቀቀ! ምራቴ ራስጌዋ ድስት ደቅና ታድራለች።»

የምስራች ቆርቆሮውን አየችው። የዚያ ሰሞን ጭነት ከመጀመሪያውም የረባ አልነበረም፤ ቅቡ ስስ ነበር። «አያ፣ እኔ ለእርስዎ ነግሬዎታለሁ። ቫት ከዝናብ አያድንም ብዬ—»

«ለእኔ ነግረሽኛል፤ አልዋሽም» አሉ አያ ዋልልኝ። «እኔ ነኝ አላምን ያልኩ። ለእነዚህስ ነግረሻቸዋል?»

ከኋላቸው የቆሙትን አየች። አልነገረቻቸውም። ደስ ብሏት ዝም ያለችባቸው ናቸው።

«ያንን ወረቀት ይዛችኋል?» አለች።

ይዘዋል። ማን ይጥለዋል? አንዱ ከሙዳይ፣ አንዱ ከጸሎት መጽሐፉ ማኅደር፣ አያ ዋልልኝ ከዚያው ከደረት ኪሳቸው አወጡ። የምስራች እነሱንና የራሷን የግዢ ደረሰኝ ይዛ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ባሕር ዳር ወረደች። የመጋዘኑ ባለቤት መጀመሪያ ዝናቡን ከሰሰ፤ ቀጥሎ አናጺውን። ደረሰኞቹን እያነጠፈች ክስ እመሠርታለሁ ስትለው ግን የዛገውን ሊለውጥ ተስማማ። ታምራትም የእሱ ቆርቆሮ ዝጎበት ሮጦ ሄዶ ነበር። እሱ የገዛው ያለ ደረሰኝ ነው፤ ባለመጋዘኑም አብሮት ጠጅ ሲጠጣ እንዳልኖረ ሁሉ «ወንድሜ፣ የት ነው የምንተዋወቅ?» አለው።

ስለዚህ ገሳይ ላይ አዲስ ወሬ ተነሣ፤ እውነተኛው ቫት ሲዝግ ይለወጣል፣ ሐሰተኛው ቫት ግን ዝጎ ይቀራል። የምስራች ወሬው ሲደርሳት ማስተባበሉን ተወችው። በዚህኛው ላይ ምን ብላ ታስተባብል?

ኅዳር ላይ የግብር ከፋዮች ቀን ተብሎ አዳራሽ ውስጥ ተጨበጨበላት፤ በመስተዋት ክፈፍ የገባ የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ሱቋ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። አያ ዋልልኝ ምስማር ሊገዙ መጥተው አዩት።

«ምን ይላል?»

«ግብሯን በታማኝነት ስለከፈለች ይላል አያ።»

«የትኛውን ግብር?»

«ቫቱን።»

አያ ዋልልኝ ዱላቸውን ተደግፈው አሰቡ። «ቫቱን የከፈልኩ እኔ አይደለሁም? አንቺው አይደለሽ እርስዎ ይከፍላሉ ያልሽኝ?»

«ነኝ።»

«አንቺ ተቀብለሽ አደረስሽ እንጂ አልከፈልሽም።»

«አልከፈልኩም።»

«ታዲያ ያጨበጨቡልሽ ለምንድር ነው?»

የምስራች በርጩማ ላይ ወጥታ የምስክር ወረቀቱን አወረደችና በቀሚሷ ጫፍ አቧራውን ጠርጋ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው አልተግደረደሩም። መስተዋቱን ወደ ብርሃን አድርገው መረመሩት።

«ያንቺ ስም አለበት እኮ።»

«አለበት።»

«ግድ የለም» አሉ፤ በጋቢያቸው ጠቀለሉት። «የምታነብልኝ ምራቴ ናት፤ ስሙን ዘላ ታነባለች።»

በሳምንቱ ቤዛዊት የበር ቁልፍ ልትገዛ ገባች። ባዶውን ግድግዳ አይታ «የምስክር ወረቀትሽን ምን አደረግሽው?» አለቻት።

«የከፈለው ሰው ወሰደው።»

ቤዛዊት ቀልድ መስሏት ሳቀች። ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ ቁልፉን ቦርሳዋ ከታ፣ ወደ በሩ አመራች።

«ደረሰኝሽን!» አለች የምስራች።

«ተዪው እባክሽ፣ ለአንድ ቁልፍ! ቸኩያለሁ፤ ስብሰባ አለብኝ።»

የምስራች ወረቀቱን ከማሽኗ ላይ ቀድዳ ተከትላት ወጣች፤ ስሟን እየጠራች፣ ደረሰኙን እያውለበለበች፣ እስከ መናኸሪያው ድረስ።